ሌባ የማያሳድዱት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፦ አንቶኒ ብራውንና የሜሪላንድ የጸጥታ ጥያቄ

በሜሪላንድ ግዛት መኪና ቢሰረቅ፣ ሱቅ ቢዘረፍ፣ ሰው በጥይት ተመትቶ ቢወድቅ፣ መዝገቡ ወደ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጠረጴዛ አይመጣም ማለት ይቻላል። ክሱን የሚመሠርተው በየካውንቲው ሕዝብ የመረጠው ዐቃቤ ሕግ ነው። 23ቱ ካውንቲዎችና ራሷን የቻለችው የባልቲሞር ከተማ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አላቸው። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የእነዚህ የ24ቱ አለቃ አይደሉም፤ አይሾሟቸውም፣ አይሽሯቸውም፣ ይህን ክሰሱ ያንን ተዉ ብለውም አያዟቸውም። እንዲያም ሆኖ በየአራት ዓመቱ ለዚህ ወንበር የሚወዳደር ሁሉ ስለ ወንጀል ሳይናገር ከመድረክ አይወርድም። መራጩም የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ ሰፈሬ ሰላም ያገኛል ወይ?

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ነገሩ ግር ቢለው አይፈረድበትም። በአገር ቤት በአዋጅ ቁጥር 943/2008 የተቋቋመው የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የፌዴራል ወንጀሎችን ክስ ከአንድ ማእከል የሚመራ መሥሪያ ቤት ነበር። ሥልጣኑ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ሲዛወርም የክሱ ሥራ ከማእከሉ አልወጣም። (የሁለቱ አዋጆች ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጡት ሁሉ በጎርጎርሳውያኑ ናቸው።) ሜሪላንድ ውስጥ ግን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በመጀመሪያ ደረጃ የግዛቱ መንግሥት ጠበቃ ናቸው። ለአገረ ገዢው፣ ለመሥሪያ ቤቶቹና ለሕግ አውጪው ምክር ቤት የሕግ ምክር ይሰጣሉ፤ መንግሥት ሲከሰስ ይሟገታሉ፤ የወንጀል ፍርዶች ይግባኝ ሲባልባቸው በመንግሥት በኩል ይቆማሉ፤ ሸማቾችን ከአጭበርባሪ ነጋዴዎች ይከላከላሉ። በራሳቸው ሥልጣን ክስ መመሥረት የሚችሉት ሕግ በግልጽ በፈቀደላቸው ጥቂት መስኮች ብቻ ነው።

ታዲያ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ በዚህ ወንበር የተቀመጡት አንቶኒ ብራውን ለሕዝብ ደኅንነት ምን ሊሠሩ ይችላሉ? መዝገባቸውን ሳየው መልሱ አንድ አቅጣጫ ይዟል። ዐይናቸውን የጣሉት ሽጉጥ በፈቃድ በታጠቀው፣ አስከሬን መርምሮ የሞት ምክንያት በሚጽፈው፣ ካባ በለበሰው፣ መሣሪያ ፈብርኮ በሚሸጠው ላይ ነው። ይህ የእርሳቸው ዝንባሌ ብቻ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱም ለሌላው እጁ አጭር ነው። ችግሩ መራጩ የሚለካው በጎዳናው ወንጀል ቁጥር መሆኑ ነው።

የብራውን የሕይወት መንገድ ወደዚህ ወንበር ቀጥ ብሎ የመጣ አይደለም። በ1961 በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ተወለዱ። አባታቸው በኩባ ተወልደው በጃማይካ ያደጉ ሐኪም፣ እናታቸው ደግሞ ስዊዘርላንዳዊት ናቸው። ከሃርቫርድ በ1984 ተመርቀው የአሜሪካ ጦር ሄሊኮፕተር አብራሪ ሆኑና ጀርመን ውስጥ አገለገሉ። ተመልሰው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ፤ በተጠባባቂው ጦርም የሕግ መኮንን ሆኑ። በ2004 የሜሪላንድ ምክር ቤት አባል እያሉ ወደ ኢራቅ ዘመቱ፤ የነሐስ ኮከብ ሜዳልያም ተሸለሙ። ከ2007 እስከ 2015 የማርቲን ኦማሊ ምክትል አገረ ገዢ ነበሩ።

ከዚያ ዘመን አንድ ክፉ ቀን ሳይጠቀስ አይታለፍም። በ2008 የአክስት ወይም የአጎት ልጅ የሆነች ዘመዳቸውን ተለይታው የነበረ የወንድ ጓደኛዋ በጥይት ገደላት። ብራውን ይህን ሐዘን በአደባባይ ደጋግመው ተናግረውበታል። በማግስቱ ዓመት ሜሪላንድ በቤት ውስጥ ጥቃት የጥበቃ ትእዛዝ የወጣበት ሰው የጦር መሣሪያውን እንዲያስረክብ የሚያደርግ ሕግ አወጣች፤ ከገፋፉትም አንዱ እርሳቸው ነበሩ። የጦር መሣሪያን ጉዳይ እስከ ዛሬ የሚይዙበት ግለት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ከዚህ በላይ መሄድ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

በ2014 ለአገረ ገዢነት ተወዳድረው ተሸነፉ። ዲሞክራቶች በእጥፍ በሚበልጡበት ግዛት በሪፐብሊካኑ ላሪ ሆጋን መሸነፍ ቀላል ውርደት አልነበረም። በእርሳቸው ኃላፊነት የተሠራው የጤና መድን ድረ ገጽ በተከፈተበት ቀን መውደቁም ከዘመቻቸው ጀርባ እንደ ጥላ ይከተላቸው ነበር። ከ2017 እስከ 2023 በአሜሪካ ኮንግረስ ከቆዩ በኋላ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ቀረቡ። በፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ የገጠሟቸው ዳኛ የነበሩት ኬቲ ኦማሊ ናቸው፤ የቀድሞ አለቃቸው ባለቤትና ለሃያ ዓመት ያህል ይህንኑ ወንበር ይዘው የነበሩ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ልጅ። ብራውን አሸነፉ፤ በሜሪላንድ ታሪክም የመጀመሪያው ጥቁር ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኑ።

ከወረሱት መሥሪያ ቤት ውስጥ ትልቁን ትኩረት የሳበው ክፍል ገና ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላው ነበር። ጆርጅ ፍሎይድ በ2020 በሚኒሶታ በፖሊስ ከተገደለ በኋላ የሜሪላንድ ምክር ቤት በ2021 ባወጣው የፖሊስ ተጠያቂነት ሕግ፣ ፖሊስ እጁ ያለበት የሲቪል ሰው ሞት ሁሉ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ገለልተኛ የምርመራ ክፍል እንዲጣራ ተደነገገ። የተኩስ ሞት ብቻ አይደለም፤ ፖሊስ ሲያሳድደው መኪናው የተገለበጠበት፣ በቁጥጥር ሥር እያለ ያረፈም ይጨምራል። ግን ሕጉ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ክፍሉ መርምሮ ሲጨርስ ሪፖርቱን ለካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ያስረክባል፤ ይከሰስ አይከሰስ የሚለውን የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። የካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ደግሞ ጠዋት ማታ የሚሠራው ከነዚያው ፖሊሶች ጋር ነው። ምስክሮቹ እነርሱ፣ ማስረጃ አምጪዎቹ እነርሱ።

በኤፕሪል 2022 በሃርፎርድ ካውንቲ የሆነው ነገር የዚህን ሕግ ድካም በደንብ ያሳያል። የሸሪፉ ባልደረቦች አንድ ሰው ተኩሰው ገደሉ። የምርመራ ክፍሉ መርማሪዎች ቦታው ሲደርሱ ሸሪፍ ጄፍሪ ጋለር ማስረጃው በእኛ እጅ ይቆያል አሉ። በጊዜው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ብራያን ፍሮሽ ፍርድ ቤት ሄደው ነው ያስገደዷቸው። አንድ መርማሪ ጥይቱንና ቪዲዮውን ለማግኘት ዳኛ ዘንድ መሄድ ካስፈለገው ገለልተኛ የሚለው ስም ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ብራውን ወንበሩን እንደያዙ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይህ ቀዳዳ እንዲደፈን ሆነ። አንዳንድ የካውንቲ ዐቃብያነ ሕግ ሕዝብ የሰጠን ሥልጣን ነው የሚወሰደው ብለው ቢቃወሙም ምክር ቤቱ ተስማማ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ክስ የመመሥረት ሥልጣን የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ነው። አሠራሩን በሟች ቤተሰብ ዐይን ማየት ይጠቅማል፦ መርማሪዎቹ በዚያው ሌሊት ይመጣሉ፤ የፖሊሱ ስም አብዛኛውን ጊዜ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ይገለጻል፤ በደረቱ የያዘው ካሜራ የቀረጸው ቪዲዮ ደግሞ በተለምዶ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሕዝብ ይለቀቃል። ከዚህ በፊት በአንዳንድ ካውንቲዎች ቤተሰብ ይህን ለማግኘት ዓመታት ይከራከር ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ክስ አይከፈትም የሚል ረጅም ሪፖርት ነው። ሜሪላንድ ከጁላይ 2022 ጀምሮ የፖሊስ ኃይል አስፈላጊና ተመጣጣኝ መሆን አለበት የሚል፣ ከቀድሞው የጠበቀ መመዘኛ ደንግጋለች። ያም ሆኖ የታጠቀና የሚተኩስ ሰው ፊት የቆመን ፖሊስ ማንም ዐቃቤ ሕግ በዚህ ሕግ ሊያስቀጣ አይችልም፤ ከሚመረመሩት ጉዳዮች ብዙዎቹ ደግሞ እንዲህ ያሉ ናቸው። ብራውንን ለስላሳ ናቸው ብለው የሚወቅሷቸውም፣ የፖሊስ ጠላት ናቸው የሚሏቸውም ሪፖርቶቹን ቢያነቡ ሁለቱም ክርክራቸው የሚሳሳባቸው ይመስለኛል።

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ የመጣው ግን ሌላ ግዛት ውስጥ ከተካሄደ ችሎት ነው። በ2021 በሚኒሶታ ፍሎይድን በመግደል የተከሰሱት ፖሊስ ዴሬክ ሾቨን ሲዳኙ የመከላከያ ምስክር ሆነው የቀረቡት ዶክተር ዴቪድ ፋውለር ለአሥራ ሰባት ዓመት ያህል የሜሪላንድ ዋና የአስከሬን መርማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። የፍሎይድ ሞት እንዴት እንደደረሰ ያልታወቀ ተብሎ መመዝገብ ነበረበት አሉ፤ የልብ ሕመሙን፣ ከፖሊስ መኪናው የወጣውን ጭስ ሳይቀር ጠቀሱ። ከ400 በላይ ሐኪሞች ፈርመው፣ እኚህ ሰው ሜሪላንድ ውስጥ በፖሊስ እጅ የሞቱትን እንዴት ሲመዘግቡ ኖሩ? ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው መሠረት ነበረው። በ2018 በሜሪላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ በግሪንስቦሮ የ19 ዓመቱ አንተን ብላክ በእናቱ ቤት በር ላይ በፖሊሶች ተይዞ መሬት ላይ እንደተጫኑት ሞተ። የአስከሬን ምርመራ ቢሮው ሞቱን ድንገተኛ አደጋ ብሎ መዘገበው፤ የልብ ችግርንና የአእምሮ ሕመምን አነሳ። አደጋ ተብሎ በተመዘገበ ሞት ደግሞ ማን ማንን ይከሳል?

ፍሮሽ የጀመሩትን ክለሳ ብራውን ጨረሱት። አሥራ ሁለት የውጭ የአስከሬን ምርመራ ሐኪሞች ተቀጠሩ። ከ2003 እስከ 2019 በቁጥጥር ሥር እያሉ፣ አብዛኛዎቹ ታስረው ወይም ተጭነው ሳለ የሞቱ የ87 ሰዎች መዝገብ ተመረጠ። እያንዳንዱን መዝገብ ሦስት ሐኪሞች አንዱ የሌላውን ሳያውቅ አነበበው። ውጤቱ በሜይ 15 ቀን 2025 ይፋ ሆነ፦ በ36ቱ ሦስቱም ሐኪሞች በአንድ ድምፅ በሰው እጅ የተፈጸመ ሞት ነው አሉ፤ በሌሎች አምስት ደግሞ ከሦስቱ ሁለቱ። ቢሮው ግን አንዱንም እንዲያ ብሎ አልመዘገበም ነበር። ሟቾቹ ጥቁሮች ሲሆኑ፣ ወይም ፖሊስ ሲይዛቸው የሞቱ ሲሆኑ፣ በሰው እጅ ሞተ የሚለው መዝገብ ይበልጥ ይሸሻል የሚልም ድምዳሜ ላይ ደረሱ። ፋውለር ውንጀላውን አይቀበሉትም፤ ሥራቸውን በሙያው ደንብ እንደሠሩ ይናገራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጥራት አለበት፤ በብዙ ዜና ላይ ተምታቷል። በአስከሬን ምርመራ ቋንቋ በሰው እጅ የተፈጸመ ሞት ማለት ሌላ ሰው ያደረገው ነገር ለሞቱ ምክንያት ሆኗል ማለት ነው። ወንጀል ነው ማለት አይደለም። ራሱን ለመከላከል የገደለም በዚሁ ይመዘገባል። ስለዚህ 36ቱ መዝገቦች 36 ወንጀለኛ ፖሊሶች ማለት አይደሉም። ማለት የሚቻለው እንዲህ ነው፦ ምርመራ መጀመር በነበረበት ቀን መዝገቡ ተዘግቷል። አገረ ገዢ ዌስ ሙር ጉዳዩን የሚያይ ግብረ ኃይል እንዲቋቋም አዝዘዋል፤ ብራውንም መዝገቦቹን እንደገና ማየት እንደሚገባ ተናግረዋል።

አሁን ወደ ጎርባጣው ጉዳይ። የአንተን ብላክ ቤተሰብ የአስከሬን ምርመራ ቢሮውን በፍርድ ቤት ሲከስ፣ ለቢሮው ጥብቅና የቆመው ማን ነበር? ያው የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ መሥሪያ ቤት። ቢሮው የግዛቱ ስለሆነ ሕጉ እንዲያ ያዛል። በአንድ በኩል ይመረምራል፣ በሌላው በኩል ይሟገታል። ሁለት ወዶ አይሆንም ይላል ያገራችን ሰው፤ የዚህ ወንበር ሥራ ግን ሁለት ወዶ ነው።

በቤተ ክርስቲያኗ ጉዳይም ተመሳሳዩ ሆነ። በኤፕሪል 2023 ብራውን ይፋ ያደረጉት፣ ምርመራው በፍሮሽ ዘመን የተጀመረው ሪፖርት በባልቲሞር ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ከ150 በላይ ቀሳውስትና አገልጋዮች በሰማንያ ዓመት ውስጥ ከ600 በላይ ልጆችን እንደደፈሩና እንዳጎሳቆሉ፣ አለቆቻቸውም እንደሸፈኑ ዘረዘረ። ሳምንት ሳይሞላ አገረ ገዢው በልጅነት የተጠቁ ሰዎች በፍትሐ ብሔር ሊከሱበት የሚችሉበትን የጊዜ ገደብ የሚያነሣ ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ሥራ ላይ ሊውል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በሴፕቴምበር 29፣ ሀገረ ስብከቱ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የሜሪላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2025 በአራት ለሦስት ድምፅ ሕጉን አጸና።

ሕጉ ሲወጣ ብዙ ሰው ያሰበው ስለ ቀሳውስት ነበር። ይሁን እንጂ በልጅነታቸው በግዛቱ የወጣት ጥፋተኞች ማቆያ ውስጥ ተደፈርን የሚሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ብቅ አሉ፤ ተከሳሹ ደግሞ ሜሪላንድ ራሷ ናት፤ ጠበቃዋም ብራውን። የዕዳው መጠን የግዛቱን በጀት አስፈራ። ምክር ቤቱ በ2025 ከግዛቱ ሊጠየቅ የሚችለውን ካሳ ከ890,000 ዶላር ወደ 400,000 ዝቅ አደረገው። ቀሳውስቱን ያለ ርኅራኄ ያጋለጠው መሥሪያ ቤት የራሱ ደንበኛ ሲከሰስ የሚቆምበት ቦታ ይህ ነው። ብራውን ይህን ቅርጽ አልፈጠሩትም፤ ግን ስለ ተጎጂዎች በተናገሩ ቁጥር ተጎጂዎቹ ይህን ያስታውሷቸዋል።

በጦር መሣሪያ በኩል መንገዳቸው የተስተካከለ ነው። ምክትል አገረ ገዢ ሳሉ፣ ከሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ጭፍጨፋ በኋላ፣ በ2013 ሜሪላንድ የጦር ሜዳ ዓይነት ጠመንጃዎች እንዳይሸጡ ከለከለች። ያን ሕግ ኋላ በፍርድ ቤት የተከላከሉት እርሳቸው ናቸው። ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ስኖፕ ከብራውን ተብሎ በስማቸው ተመዘገበ፤ ፍርድ ቤቱም በጁን 2025 አልቀበልም ብሎ እገዳውን እንዳለ ተወው። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ከባልቲሞር ከተማ ጋር ሆነው ግሎክ የተባለውን የሽጉጥ ፋብሪካ ከሰሱ። ክሱ የሚያተኩረው ስዊች በሚባል ትንሽ መግጠሚያ ላይ ነው፤ ሽጉጡ ጀርባ ላይ ሲገባ አንድ ጊዜ ቃታ መሳብ ብቻ ጥይቱን ሁሉ ያስተፋል። ፋብሪካው ሽጉጡ በቀላሉ እንደሚለወጥ እያወቀ ንድፉን አልቀየረም ነው የከሳሾቹ ክርክር። መንገዱን የከፈተላቸው በ2024 የወጣ የመሣሪያ ኢንዱስትሪ ተጠያቂነት ሕግ ነው።

በሌላ አቅጣጫ የወሰዱት እርምጃም አለ። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ከግዛቱ የሕዝብ ተከላካይ ጠበቃ ናታሻ ዳርቲግ ጋር አንድ ጥምረት መሥርተዋል። ምክንያቱ ቁጥሩ ነው፤ ከሜሪላንድ ሕዝብ 30 በመቶ ገደማ ጥቁር ሲሆን በእስር ቤቶቿ ያሉት ጥቁሮች ግን ከ70 በመቶ በላይ ናቸው። ከሳሽና ተከላካይ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸው በራሱ ብርቅ ነው፤ ውጤቱን ለመመዘን ግን ገና ነው።

ከ2025 ወዲህ የመሥሪያ ቤቱን ጉልበት እየበላ ያለው ከፌዴራል መንግሥት ጋር ያለው ሙግት ነው። በ2017 የወጣ የሜሪላንድ ሕግ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የአገረ ገዢውን ፈቃድ ሳይጠይቁ ዋሽንግተንን መክሰስ እንዲችሉ አድርጓል። በሙከራ ጊዜ ላይ ያሉ የፌዴራል ሠራተኞች በጅምላ ሲባረሩ የግዛቶቹን ክስ የመራችው ሜሪላንድ ነበረች። የመጀመሪያው ዳኛ ይመለሱ አሉ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን ግዛቶቹ ለመክሰስ የሚያበቃ መብት የላቸውም ሲል ትእዛዙን ሻረው። አሜሪካ ውስጥ የተወለደ ልጅ ሁሉ ዜጋ ነው የሚለውን ደንብ ለመቁረጥ የወጣውን የፕሬዚዳንቱን ትእዛዝም ከሌሎች ግዛቶች ጋር ከሰዋል። የሲልቨር ስፕሪንግ ኢትዮጵያዊ ስለ ብራውን የሰማው ካለ በአብዛኛው በዚህ ነው፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለች ነፍሰ ጡር ልጇ የየት አገር ዜጋ እንደሚሆን የምትጠይቀው ይህን ጉዳይ ነውና።

ወንጀሉስ? ባልቲሞር ከ2015 እስከ 2022 ለስምንት ዓመት በተከታታይ በያመቱ ከ300 በላይ ሰዎች ተገድለውባታል። በ2023 ቁጥሩ ወደ 260ዎቹ ወረደ፤ በ2024 ወደ 201። ብራውን ሥራ የጀመሩበት ጊዜ ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ መሥሪያ ቤታቸውም የተደራጁ የወንበዴ ቡድኖችን መዝገብ እየያዘ ከከተማዋ ጋር ሠርቷል። ግን ምስጋናው በዋናነት ለከንቲባ ብራንደን ስኮት የጥቃት መቀነሻ ስልት፣ ለከተማዋ ዐቃቤ ሕግ ኢቫን ቤትስና በየሰፈሩ ወጣቱን ሲለማመጡ ለሚያድሩ ሰዎች ነው። በኖቬምበር 2026 ምርጫ ይህን ቁጥር ለራሱ የማይወስድ ተመራጭ ማግኘት ይከብዳል፤ አንባቢው ግን ማን ምን እንደሠራ ለይቶ ቢያይ ይሻላል።

ለዕለት ተዕለት ኑሮ ደግሞ አቅጣጫው እንዲህ ነው። ሱቁ የተሰበረበት ወይም የተደበደበ ሰው የሚፈልገው የካውንቲውን ፖሊስና የካውንቲውን ዐቃቤ ሕግ ነው። ያገለገለ መኪና ተታሎ የገዛ፣ አከራይ መያዣ ገንዘቡን የበላበት፣ ሥራ እናስገባለን ባዮች ገንዘቡን የወሰዱበት አቤቱታውን ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ያቀርባል። ፖሊስ ባለበት ሰው ሲሞት ግን፣ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ፣ የሚጠየቀው አንድ በር ብቻ ነው፤ እርሱም የብራውን ነው።

እነዚያ 41 መዝገቦችም እዚያው በር ላይ ቆመዋል። በሜሪላንድ ሕግ ለከባድ ወንጀል የክስ ጊዜ ገደብ የለም፤ ስለዚህ በጊዜ ገደብ በኩል የሚያግዳቸው ነገር አይኖርም። የሚያግዳቸው የጠፋ ማስረጃ፣ የረሳ ወይም የሞተ ምስክር፣ ጡረታ የወጣ ፖሊስና የዋጋው ክብደት ነው። ከ41ዱ ስንቱ እንደገና እንደተከፈተ፣ ስንቱም ተመልሶ እንደተዘጋና በምን ምክንያት፣ ቤተሰቦቹ በጽሑፍ ሊነገራቸው ይገባል።